ወፍ ብር አትጠይቅም

ወፍ ማንሳት የጀመርኩት ለተፈጥሮ ካለኝ ፍቅር ነው እያልኩ ለሰው ሳወራ ኖሬያለሁ። ውሸት ነው። የጀመርኩት ከስስት ነው። ደቡብ ኦሞ ገበያ ካሜራ አንግቶ የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ተነሺው ሂሳቡን የሚጠይቀው በፎቶ ነው፣ ፎቶው የሚቆጠረው ደግሞ በ«ቀጭ» ነው። ፊቱ የራሱ፣ ዋጋውም የራሱ፤ ምንም አይወጣለትም። እኔ ግን ኪሴን ዳብሼ ቀና ስል ዛፍ ላይ ወፍ አየሁ። ወፍ ብር አትጠይቅም።

ለዚህች ቁጠባ ስል ረጅም ሌንስ ገዛሁ። ዋጋውን ባለቤቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ካሜራው አናት ላይ ካለችው ማዞሪያ ላይ «ቲቪ» የሚል ምልክት አለ። ከቴሌቪዥን ጋር ማገናኛ መስሎኝ ሁለት ዓመት ሙሉ አልነካሁትም። ለካስ የሸተሩን ፍጥነት ባለካሜራው ወስኖ የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት ለካሜራው የሚተውበት ሞድ ኖሯል፤ ለሚበር ወፍ ደግሞ ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ቁጭ ላለች ወፍ 1/500 ሰከንድ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ክንፏን ስትዘረጋ ግን 1/2000 እና ከዚያ በላይ ይፈለጋል። ይህን ካወቅሁ በኋላ ጂንካ ሻይ ቤት ውስጥ ያላስተማርኩት ሰው የለም። አስተናጋጁ ሳይቀር ያውቀዋል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ለገበያው ካኮ ወረድኩ። ከመንደሩ ዳር፣ ደረቷ ወይን ጠጅ፣ ክንፏ ሰማያዊ የሆነች ወፍ ደረቅ ቅርንጫፍ ላይ ተቀምጣለች። የወፍ መጻሕፍት ሮለር ይሏታል፤ ተባዕቱ ሴቷን ሲያባብል አየር ላይ ስለሚገለባበጥ ነው። አብሮኝ የነበረው የሰፈር ልጅ ትንፋሹን ዋጠ። ወፏ አንበጣ አይታ ተወረወረች፤ ተጫንኩ።

ለካስ በዋዜማው ማታ ጂንካ መብራት ጠፍቶ ወዳጆቼን በሻማ ሳነሳ ሸተሩን 1/30 ላይ አድርጌው ነበር። እዚያው ላይ አድሯል። የወጣው ፎቶ ሸሚዝ ኪስ ውስጥ የፈነዳ እስክሪብቶ ይመስላል።

«ጋሼ፣ ያዟት?» አለኝ ልጁ።

«ፀሐዩ አላመቸም» አልኩት። ፀሐይ መልስ አትሰጥም።

ጣሊያናዊው ልዑል ዩጂኒዮ ሩስፖሊ እ.ኤ.አ. በ1893 በደቡብ ኢትዮጵያ ዝሆን ገደለው። ከሰበሰባቸው ወፎች መካከል ዛሬ በስሙ የሚጠራው ቱራኮ ተገኘ፤ የት እንዳገኘው ግን አልጻፈም ነበርና ሊቃውንቱ ቦታውን ሲፈልጉ ብዙ ዓመት ደከሙ። እኔ የእሱ ተገላቢጦሽ ነኝ። ፋይሌ ውስጥ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሸተሩ ፍጥነት፣ አይኤስኦው፣ አንዱም ሳይጎድል ተመዝግቧል። የጎደለችው ወፏ ናት።

እልህ ያዘኝ። 1/2000፤ የሚንቀሳቀስን ነገር የሚከተለው ፎከስ፤ በአንድ ጫና ፎቶ የሚያርከፈክፈው ሞድ፤ ካሜራው የወፍ ዓይን ራሱ ፈልጎ እንዲይዝ የሚያደርገውም ምርጫ። ሁሉን አሰናድቼ ቅርንጫፉ ሥር ግማሽ ሰዓት ቆምኩ። ወፏ ሌላ ጉዳይ ነበራት።

ወደ ገበያው ገባን። አንዲት የበና ሴት ቅል እንደ ባርኔጣ ደፍታ ማር ትሸጣለች። የማላውቀው ለጋስነት መጣብኝና በልጁ አስተርጓሚነት ለአንድ ፎቶ ተስማምተን ሂሳቡን ከፈልኩ። ተጫንኩ። ካሜራው ታታታታታታ እያለ ተንጣጣ፤ እኔም ደንግጬ ጣቴን ማንሳት ረሳሁ።

«አስራ አራት ነው ትላለች» አለ ልጁ።

«እኔ እኮ አንዴ ነው የተጫንኩት!»

«እሷ የቆጠረችው ጣትዎን አይደለም፣ ጋሼ።»

ከፈልኩ። ያወጣሁት ብር እንዳይቆጨኝ ስክሪኑን ከፈትኩ። ሴትየዋ አስራ አራቱም ላይ ደብዝዛለች። ወፍ ፈልግ የተባለው ካሜራ ታዛዥ ነውና ከትከሻዋ ጀርባ እግሯን የታሰረች ቀይ ዶሮ አግኝቷል፤ በዓይኗ ዙሪያ ያለው ላባ ሳይቀር ቢቆጠር ይቆጠራል። በሕይወቴ እንዲህ ጥርት ያለ ወፍ አንስቼ አላውቅም።

ልጁ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ስክሪኑን ለተሰበሰበው ሰው ሁሉ አዞረው። እኔ ካሜራዬን ከቦርሳ ስከት እጅጌዬን ጎተት አደረገኝ።

«ጋሼ፣ የዶሮዋ ባለቤት መጥቷል።»