የሃርሜ ቁልፍ

ነቀምቴ ውስጥ ግቢ ተከራይቶ ለሚኖር ሰው ጉርብትናን የሚፈትነው የመብራት ሒሳብ ነው። ቆጣሪው አንድ፣ ተከራዩ ብዙ። ስለዚህ ሁላችንም «ሃርሜ» የምንላቸው አከራያችን በየወሩ በረንዳቸው ላይ ችሎት ይሰየማሉ። ምጣድ ያለው ይህን ያህል፣ ፍሪጅ ያለው ይህን ያህል። አምፖልና ቻርጀር ብቻ ያለው «አንተማ ምን አለህ!» ተብሎ በርኅራኄ ይታለፋል። እኔም ከሚታለፉት ወገን ነበርኩ፤ ኢንተርኔት እስኪያምረኝ ድረስ።

የስልክ መስመሩ የደረሰው እስከ ሃርሜ ሳሎን ነው። ራውተሩም እዚያው ቴሌቪዥኑ አጠገብ ዳንቴል ለብሶ ይኖራል። የእኔ ክፍል ከጓሮ ሰርቪሶች የመጨረሻው ሲሆን፣ በመሃል ዙሪያውን ቆርቆሮ የተመታ መጋዘን አለ። ዋይፋይ ደግሞ ቆርቆሮ ሲያይ ወደመጣበት ይመለሳል። ከላይ ገመድ ብዘረጋ በማግስቱ ልብስ ይሰጣበታል።

መፍትሔው ግድግዳው ውስጥ ነበር። ሁለት ትንንሽ ሣጥኖች ናቸው፤ አንዱ ራውተሩ አጠገብ፣ ሌላው ክፍሌ ውስጥ ሶኬት ላይ ይሰካና ኢንተርኔቱ በመብራት ሽቦ ተሳፍሮ ይመጣል። ኮረንቲው በሴኮንድ 50 ጊዜ ሲወዛወዝ መረጃው በሚሊዮን የሚቆጠር ጊዜ ስለሚርገበገብ፣ በአንድ ሽቦ ሲሄዱ አይጋጩም። የእነዚህን ዕቃዎች ቋንቋ አንድ ለማድረግ ሆምፕለግ የተባለው የኩባንያዎች ኅብረት የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። ካርቶኑ ላይ 600 ሜጋቢት ይላል። ካርቶን ብዙ ይላል። ከዚህ የሚፈጥኑት ሞዴሎች ኧርዙንም ጭምር ይጠቀማሉ አሉ፤ የኛ ሶኬት ኧርዝ ግን ከመሬት ጋር ትውውቅ የለውም። መብራት ሲሄድ ሣጥኖቹም ይሞታሉ፤ ያኔ ራውተሩም አብሮ ስለሚሞት አዲስ ሐዘን አይጨምሩም።

«ይሄስ ስንት ይበላል?» አሉኝ ሃርሜ በሚቀጥለው ችሎት።

«ጥቂት ዋት ነው ሃርሜ፤ ከአምፖል አይበልጥም።»

«አምፖል ያበራል። ይሄ ምን ያደርጋል?»

የአምፖል ተከፈለበት።

ማታ ማታ ኢንተርኔቱ ሲንቀራፈፍ ግቢው በአንድ ድምፅ ምጣዱን ከሰሰ። ነገር ግን ምጣድ ኮረንቲ ይበላል እንጂ ሽቦው ላይ አይጮህም። ጯሂው ያ በርኅራኄ ሲታለፍ የኖረው ርካሽ የስልክ ቻርጀር ሆኖ ተገኘ፤ እሱ ሲነቀል መስመሩ ጸጥ አለ። ሣጥኑ የተሰካበት ዲቫይደርም ተጠያቂ ነበር። ሣጥኑ በቀጥታ ግድግዳ ላይ ካልተሰካ ምልክቱን ዲቫይደሩ ይውጠዋል።

ከዚያ አንድ ማታ ስልኬ «ቪዲዮውን ቴሌቪዥኑ ላይ ላሳየው?» ሲል ጠየቀኝ። እኔ ቴሌቪዥን የለኝም። ለካ ወለጋ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው ጎረቤቴ ለቴሌቪዥኑ ከዚያው ሱቅ ያንኑ ዓይነት ሣጥን ገዝቶ ኖሯል። ሰብሮ አልገባም፤ ሰካ እንጂ። ሣጥኖቹ መረጃውን በ128 ቢት ምስጢራዊ ቁልፍ ይቆልፉታል፤ እንዲህ ያለውን ቁልፍ በጉልበት የሚሰብር የለም። ችግሩ ብዙዎቹ ከፋብሪካ አንድ ዓይነት ቁልፍ ይዘው መውጣታቸው ነው። ቆጣሪ ምልክቱን ያዳክመዋል እንጂ ሁልጊዜ አያስቆመውም፤ በኛ ግቢ ደግሞ በእኔና በልጁ መካከል ቆጣሪ የሚባል ነገር የለም።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የሣጥኑን መጫኛ ቁልፍ አሥር ሴኮንድ ያህል ተጭነው ሲይዙት ሣጥኑ የፋብሪካውን ምስጢር ይረሳና የራሱን ይፈጥራል። ቀጥሎ ሳሎን ያለውን አንዴ ጫን፣ በ2 ደቂቃ ውስጥ ደግሞ ክፍል ያለውን ጫን፤ አለቀ። ይህን መመሪያ የጻፈው ሰው የነቀምቴን ሐምሌ አያውቅም። ከሳሎን ወጥቼ በቀዩ ጭቃ እየተንሸራተትኩ፣ ውሻውን በልምምጥ አልፌ መጋዘኑ ጋ ስደርስ ከኋላዬ «አቦል ደርሷል፣ አንጮቴም አለ፣ ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ ይመጣል። ወለጋ ውስጥ የቀረበ ቡና ረግጦ መሮጥ ነውር ነው፤ ቶና ደግሞ በ2 ደቂቃ አይደርስም። የሣጥኑ መብራት አረንጓዴ የሆነው ሃርሜን ራሳቸውን ሳሎን አስቀምጬ «አሁን!» ብዬ ከጓሮ ስጮህ ነው። እሳቸውም በአውራ ጣታቸው ቁልፏን ጫን አደረጓት።

ይህቺ መጫን ግን ሥልጣን ሆነች። አዲስ ሣጥን እንዲገባ ቀድሞ ከገቡት የአንዱ ቁልፍ መጫን አለበት፤ አንዱ ያለው ሳሎን፣ ከዳንቴሉ ሥር ነው፤ የእኔን ደግሞ ያለ ሃርሜ ፈቃድ አልጫንም። ተማሪው በማግስቱ ሣጥኑን ይዞ፣ ጫማውን ደጅ አውልቆ ገባ። ሃርሜ ጣታቸውን አገላብጠው አዩት።

«ዛሬ ያመኛል ልጄ። የሰኔን ኪራይ ይዘህ ስትመጣ ይሻለኝ ይሆናል።»