ከጓዳ የወጣ አዋጅ

አዋጅ! አዋጅ! የደበሎ ቅዳጅ! የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ሞጣ ቢሮህ የተቀመጥህ፣ ብቸና ቤትህ የተጋደምህ፣ በመካከሉ ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ የምትጠብቅ፣ ስማ!

እኛ፣ በብቸና ከተማ የአንዲት ጓዳ የበላይ ጠባቂ፣ የምጣድ፣ የሊጥና የውኃ ጀሪካን ኃላፊ፣ ባላችን ሞጣ ተመድቦ ሰኞ ሲነጋጋ ሄዶ ዓርብ ሲመሽ የሚመለስልን፤

የጎጃም ሰው መለካት እንደማይወድ በመታወቁ፤ በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 255 ሲመጣ የብቸናና የሞጣ ገበሬ ነገሩ የመሬት መለኪያው የቀላድ መግቢያ ነው ብሎ ጠርጥሮ አልከፍልም በማለቱ፣ ጠመንጃውንም ከተሰቀለበት በማውረዱ፣ መንግሥትም አገረ ገዢውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴን እስከ ማንሣት በመድረሱ፤

ያ ሁሉ ሰው ሲሸፍት ግን የስንቁን በሶ ማን እንደፈጨው ሲጠየቅ ሰምተን ባለማወቃችን፤

ጓዳ ሳይለካና ደረሰኝ ሳይቆረጥለት በየቀኑ ሲገብር በመኖሩ፣ አንድም ቀን ሸፍቶ ስለማያውቅ፤ የሚከተለውን አውጀናል።

ማን ሥልጣን ሰጠሽ ለምትሉ መልሱ ቅርብ ነው። የዚሁ አገር ልጅ አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ለአርበኞቹ ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ እያለ ሹመት ሲያድል፣ አንተስ ቢሉት እናቴ በላይ ብላኛለች ብሎ መለሰ ይባላል። ሹመት መስጠት የቻለች እናት አዋጅ ማውጣት አያቅታትም።

አንቀጽ 1፤ ስለ እንጀራ

ባል ዓርብ ማታ ሲገባ የሚያየው ሰፌድ ላይ የተደረደረውን እንጀራ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት ያለው ይነበብለት። ጤፉ የእነማይ ነጭ ጤፍ ነው፤ ስሙን የሚነቅፍ የለም፤ ነገር ግን ከአውድማው አፈርና ጠጠር ይዞ ይመጣል። ይበጠራል፣ ይንጓለላል፣ ይነፋል። ወፍጮ ቤት ወረፋ ይያዛል። ይቦካል። ላዩ ላይ ያቀረረው ውኃ ይደፋል፣ ከሊጡ ተቀንሶ አብሲት ይጣላል፣ ኩፍ እስኪል ይጠበቃል። ሊጥ ቀጠሮ አያከብርም፤ ኩፍ ያለ ጊዜ ጎረቤት ለቅሶ ቢኖር፣ ልጅ ቢያተኩሰው፣ መጋገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ይሰካል፤ ግማሹ ሳይጋገር መብራት ይሄዳል። ያን ጊዜ የሸክላው ምጣድ ከጥግ ይወጣል፤ ኩበትና ጭራሮ ይለቀማል፣ በጎመን ዘር ይታሰሳል፣ አክንባሎ ይከደናል፣ ዓይን እያነባ ይጠበቃል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንዲት ዓይን ያላወጣች እንጀራ ብትገኝ አማታችን መጀመሪያ የሚያነሡት እሷን ነው።

ስለዚህ በጓዳው ላይ ቀላድ ይጣላል። አለካኩም እንዲህ ነው፦ ባል የዓመት ፈቃዱን ሞልቶ፣ ከማበጠሩ እስከ አክንባሎው ያለውን አንድ ጊዜ ብቻ ራሱ ይሠራዋል። የግብሩ መጠን የሚወሰነው ከዚያ ወዲህ፣ ወገቡን ይዞ ሲቀመጥ ነው።

አንቀጽ 2፤ ስለ ስብሰባ

የመኝታ ቤቱ በር እጀታ ከወለቀ ቆየ። ስንጠይቅ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ተባልን። ደግመን ስንጠይቅ «በትኩረት እየተሠራበት ነው» ተባልን። ባላችን ይህን ቋንቋ ከቢሮ ይዞት እንደመጣ አላጣነውም። ከእንግዲህ ከአንድ መዶሻና ከሁለት ምስማር በላይ የማይጠይቅ ሥራ ስብሰባ አይጠራበትም፤ ቃለ ጉባኤም አይያዝበትም። ይህ ድንጋጌ ሞጣ ላይም ቢሠራበት አንቃወምም። ሊጥ ኩፍ ብሎ እየጠበቀ ግብረ ኃይል ያቋቋመች ሴት እስካሁን አልታየችም።

አንቀጽ 3፤ ስለ ካይዘን

ካይዘን የሚሉት የአሠራር ማሻሻያ ከጃፓን መጥቶ በ2004 ዓ.ም. በአገራችን ኢንስቲትዩት ተቋቁሞለታል። ባላችንም ሠልጥኖ ምስክር ወረቀት ይዞ መጣ፤ እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቦታ አለው ብሎም አስረዳን። ተቀበልን። ወዲያው «ቢላዋው የታለ?» አለ፣ ቢላዋው ፊቱ ተሰቅሎ። ሚስቱ መብራት በጠፋበት እጇን ሰድዳ ኮረሪማውን ከጥቁር አዝሙድ ሳታሳስት ታነሣለች። ለእሷ የተሰጠ ወረቀት የለም፤ እስኪሰጥ ድረስ የባልየው ወረቀት ከግድግዳ ወርዶ ሳጥን ውስጥ ይቆያል።

አንቀጽ 4፤ ስለ መንገድ

የባላችን ድካም አይካድም። ሚኒባሱ ትርፍ ይጭናል፤ እግር ማስቀመጫ የለም። ሞጣ የተከራየው አንድ ክፍል ነው፤ ሽንኩርቱን ራሱ ይከትፋል፣ ሽሮውን ራሱ ያማስላል፣ ድስቱን ራሱ ያጥባል፤ ሽሮው ይጣፍጣል ሲሉ የሥራ ባልደረቦቹ መስክረዋል። ይህ እጅ ብቸና ሲደርስ የት እንደሚገባ አጥንተናል። ደብረ ወርቅ ላይ ሚኒባሱ ሲቆም አብሮ ይወርዳል የሚል ጥርጣሬ አለ። ከአሁን በኋላ ተሳፋሪ ሁሉ ቦርሳውንና እጁን ቆጥሮ ይሳፈር።

አንቀጽ 5፤ ስለ ቅኔ

የቅኔ ደብሩ ዲማ ጊዮርጊስ ቅርባችን ነው። የቅኔ አገር መሆናችንን እናከብራለን፤ ወጥ ላይ ቅኔ መቀኘት ግን ተከልክሏል። ባለፈው «ይህ ወጥ ባሕታዊ ነው» ተባለ። ጨዉንም ቅቤውንም የናቀ ለማለት ነው። ልብ አድርጉ፣ ቃሉ የተነገረው ሦስተኛው ጭልፋ ከወጣ በኋላ ነው። ጨው ያነሰው ጨው አነሰኝ ይበል፤ ጨዉ ያለበትን ቦታ ለማወቅ አንቀጽ 3ን ይመልከት።

አንቀጽ 6፤ ስለ ልብስ አጠባ

ይህ አንቀጽ ሲጻፍ ወጡ በማረሩ ተቋርጧል።

አንቀጽ 7፤ ስለ ተሻሩ ሕጎች

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው ይል ነበር፤ ሠራተኛ ለመቅጠር አቅም ባይኖረው ደግሞ ሚስት የቤቱን ሥራ ራሷ እንድትሠራ ያዝ ነበር። የአማራ ክልል በቤተሰብ ሕግ አዋጅ ቁጥር 79/1995 ባልና ሚስትን እኩል አድርጎ ይህን ትቶታል። አዋጁ ሳሎን ድረስ መግባቱን አረጋግጠናል፤ ሳሎን ላይ ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ሲያይ አገኘነው። ወደ ጓዳ እንዲገባ በዚህ ታዟል። ሲገባ ባዶ እጁን አይምጣ፤ በር ላይ ያለውን ጀሪካን ይዞ ይግባ።

«ቤት ውስጥ ናት፤ ሥራ የላትም» የሚለው ልማዳዊ አነጋገርም ተሽሯል። በዚህ ቃል የተናገረ ሰው የዚያን ቀን እራቱን ከተናገረበት ቤት ይብላ።

አንቀጽ 8፤ ስለ አቤቱታ

በዚህ አዋጅ ቅር የተሰኘ ባል እንደ አባቶቹ ጫካ መግባት መብቱ ነው፤ በሶውን ግን ራሱ ቆልቶ ራሱ ፈጭቶ ይሂድ። ጫካው የማይስማማው ሽማግሌ መላክ ይችላል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ ባለጓዳዋ ከእነሱ ጋር ሳሎን ትቀመጣለች። ቡናውን አጥቦና ቆልቶ፣ ወቅጦና አፍልቶ፣ ከአቦል እስከ በረካ የሚቀዳው አቤት ባዩ ነው። ስኒ ማጠቡንም ይጨምራል።