ጥግ ለያዙ ሁሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ብስክሌት የሚነዳ ሰው መካሪ አያጣም። ሹፌሩ ከመስኮት፣ ረዳቱ ከበር ላይ፣ ቤተሰቡም ከቤት ሲወጣ የሚነግሩት አንድ ነው፦ «ጥግህን ያዝ!» ይህን የመሰለ ምክር እስካሁን አንድም ሰው በወጉ አለማመስገኑ ይገርመኛል።

ጥግ ሀብታም ነው። መሀሉ ያለው አስፋልት ብቻ ሲሆን ጥጉ ግን ክረምት ያመጣው ደለል አለው፣ የጠርሙስ ስብርባሪ አለው፣ ክዳኑ የተወሰደ ጉድጓድ አለው፤ ጉድጓዱን ሰው አይቶ እንዳይሳቀቅ ደግሞ ኩሬ ይሸፍንለታል። የፍሳሽ ፍርግርጉ ብረት በመንገዱ አቅጣጫ የተገጠመበት ቦታም አይጠፋም፤ ክፍተቱ ለቀጭን ጎማ ልኩ ነው። ጎማው እዚያ ይቀራል፣ ነጂው ጉዞውን ይቀጥላል።

በዚያ ላይ ጥግ ላይ ብቸኝነት የለም። «ወራጅ አለ!» በተባለ ቁጥር ሚኒባሱ ፍሬቻ ሳያበራ ወደ ቀኝ ይገባል። (ፍሬቻ ማብራት ምስጢርን ለማያውቁት ሰው ማውጣት ነው።) ሚኒባስ ከሌለ የቆመ የቤት መኪና አለ። ሹፌሩ በግራ በኩል ስለሚቀመጥ በሩ የሚከፈተው ወደ ብስክሌተኛው ነው፤ ሲከፈት ወደ አንድ ሜትር ገደማ ይወጣል፣ ጥግ የያዘ ሰውም ከዚያ አንድ ሜትር አይርቅም። ሆላንዶች የግራውን በር በቀኝ እጅ መክፈትን ይማራሉ፤ እንዲያ ሲያደርጉ ትከሻቸው ስለሚዞር ሳይወዱ በግድ ስፖኪዮውንና ከኋላ የሚመጣውን ያያሉ። እኛ ለበሩ በሚቀርበው እጅ እንከፍታለን፤ የሚመጣውን እሱ ያውቃል።

የጥግ ክብር በሙላት የሚታየው ግን መስቀለኛ መንገድ ላይ፣ ከሲኖትራክ ቀኝ ጎን ነው። ብልህ ብስክሌተኛ ቀይ መብራት ሲይዘው በቀኝ በኩል ሾልኮ ከጋቢናው ሥር ይቆማል። እዚያ ጥላ አለ፣ ሞተሩም ያሞቃል፣ ሹፌሩ ግን ከፍ ብሎ ስለተቀመጠ ያንን ቦታ አያየውም። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን መኪናው ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የፊቱ ጎማ ሰፋ አድርጎ ይዞራል፤ የኋላው ግን አሳጥሮ፣ ጥጉን ጠርጎ ያልፋል። ብስክሌተኛው የፊቱን ጎማ ሲያይ «አለፈኝ» ይላል። የለንደን ሰዎች በዚህ ጉዳይ ተጨንቀው ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ12 ቶን በላይ የሆነ፣ ከጋቢናው ዙሪያውን በቂ የማያሳይ መኪና ተጨማሪ የደኅንነት መሣሪያ ሳይገጥም ከተማ እንዳይገባ ከልክለዋል። ይህን ሁሉ ከሚለፉ ብስክሌተኛው ከኋላ ቢቆም ይቀል ነበር፤ ግን ከኋላ መቆም ለሚቸኩል ሰው ነውር ነው።

ጥግ አልበቃ ያላቸው ደግሞ አሉ፤ ጥግ ይዘው በተቃራኒ አቅጣጫ የሚነዱት። ምክንያታቸው የሚያከራክር አይደለም፦ «የሚገጨኝን ባየው ይሻለኛል።» ሒሳቡም ያምራል። መኪናው በሰዓት 50፣ ብስክሌቱ 15 ኪሎ ሜትር ቢሄዱ፣ በአንድ አቅጣጫ ከሆኑ የሚቀራረቡት በ35 ነው። ፊት ለፊት ሲሆኑ 65 ይሆናል። 50 ሜትር ላይ ብስክሌቱን ያየ ሹፌር አምስት ሰከንድ ያህል ሊያስብ ይችል የነበረው ሦስት ሰከንድ አይሞላለትም። የግጭቱ ጉልበት ከፍጥነቱ በላይ ስለሚያድግ ደግሞ ከሦስት እጥፍ ያልፋል። ከውስጥ መንገድ ወደ ቀኝ የሚወጣው ሹፌር መኪና የሚጠብቀው ከግራ ስለሆነ ወደ ግራ ያያል፤ ጀግናችን ከቀኝ ይመጣል። ሁሉን ያያል፣ ማንም አያየውም።

በኮሪደር ልማቱ የተሠራው የብስክሌት መንገድስ? እሱ ለምሽት ሽርሽር፣ ለሕፃናት ጋሪና ለፎቶ ነው፤ ብስክሌት የገባበት እንደሆነ እግረኛው ይቆጣል። መስቀለኛ መንገድ ሲደርስ ደግሞ አልፎ አልፎ ሳይሰናበት ያልቃል፤ አደጋ የሚበዛው እዚያ ስለሆነ ብስክሌተኛው ብቻውን ቢወጣው ይሻላል ተብሎ ይሆናል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ አንዳንድ ሞኝ ያጋጥምሃል። በተፈቀደው አቅጣጫ፣ ከቆሙት መኪኖች ከአንድ ሜትር በላይ ርቆ፣ የኋላ መብራቱን አብርቶ፣ ከመታጠፉ በፊት እጁን ዘርግቶ፣ መንገዱ ሲጠብ መሀሉን ይዞ ይነዳል። ከሩቅ ይታያል፣ ወዴት እንደሚሄድም ይታወቃል። ፍሬን ያስይዝሃል፣ አራት ሰከንድ ያስመሽሃል። ክላክስህን ንፋበትና ወደ ጥግ መልሰው።