የምርመራ ሂሳብ

አየር ጤና አንድ ቤት ሳህን ማጠቢያ ማሽን ገብታለች፤ ውሃ በመጣ ቀን ትሠራለች። ሰሞኑን ግን ሳህኑ ቅባቱን እንደያዘ፣ ቀዝቅዞ ይወጣ ጀመር። የተጠራው ባለሙያ ገና በሩ ላይ እንደቆመ «ሬዚስታንሱ ነው!» አለ። ዓይኑ ኤክስሬይ ነው መሰለኝ፣ ቴስተሩን ከቦርሳው አላወጣም።

ሥራው እኮ ሶኬቱን ነቅሎ፣ የሬዚስታንሱን ሽቦዎች ፈትቶ ኦሙን መለካት ነበር። በ220 ቮልት 2000 ዋት የሚስብ ጤነኛ ሬዚስታንስ 24 ኦም ገደማ ያሳያል፤ የተበጠሰ ከሆነ ቴስተሩ ምንም አያነብም። እሱ ደህና ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ቴርሞስታቱና ወደ ሪሌው ይዞራል።

የምጣዳቸውን ሽቦ ራሳቸው የሚቀጥሉት ጎረቤት እማማ «ልጄ፣ ሳትለካው?» አሉት።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ዘመናዊ ነው» አላቸውና የምርመራውን ሂሳብ ተቀብሎ፣ መለዋወጫ ፍለጋ ወደ መርካቶ ወረደ።