ከበረሃ ወደ በረሃ

ቅዳሜ ዕለት የጎረቤታችን የእማማ የልጅ ልጅ የእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ውሻ ይዛ ከተፍ አለች። እማማ ደጃፍ ላይ ጎመን እየቀነጠሱ ነበር።

«ይቺ አይጥ ደግሞ ከየት መጣች?»

«ውሻ ናት እማማ፤ ቺዋዋ ናት።»

«ጨዋማ ብትሆን ሰው ባየች ቁጥር እንዲህ አትንጫጫም ነበር።»

ልጅቱ «ጋሼ፣ እስቲ ያስረዱልኝ» ብላ ወደ እኔ ዞረች። ስጠየቅ ደግሞ አልችልም ማለት አላውቅም። ቺዋዋ የሰሜን ሜክሲኮ ግዛት ናት አልኩ። አሜሪካኖች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እነዚህን ውሾች ከድንበሩ አካባቢ እየገዙ ሲወስዱ በአገራቸው ስም ጠሯቸው። የስሙን ትርጉም «ደረቅ አሸዋማ ቦታ» የሚሉ አሉ፤ «ሁለት ውሃ መሃል» የሚሉም አሉ። ብቻ አካባቢው ትልቅ በረሃ ነው።

«እኛ ሰፈር በረሃ አልጠፋ! ምን አደከማት?» አሉ እማማ።

እውነታቸውን ነው። የእኛው ውቤ በረሃ ስሙን ያገኘው ከደጃዝማች ውቤ አጥናፍሰገድ ነው፤ ኋላ ንግሥት የሆኑት የዘውዲቱ ባል ከነበሩት። በረሃ ይባል እንጂ በደጉ ዘመን እዚህ የመጣ ሰው በጥም ሞተ ሲባል አልተሰማም፤ ጠጥቶ የወደቀ ግን ብዙ ነው።

ቺዋዋ ከ3 ኪሎ ብዙም አታልፍም። አራት ኪሎ ለመድረስ እንኳ አንድ ኪሎ ይጎድላታል፤ የጃንሆይ ቺዋዋ ሉሉ ግን በዚያችው ኪሎዋ ቤተ መንግሥት ገብታ ኖራለች። ፖላንዳዊው ጸሐፊ ካፑሺንስኪ ስለ ጃንሆይ በጻፈው መጽሐፍ ሉሉን የጃፓን ዝርያ አድርጓታል። ጃንሆይ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮን ጎብኝተው፣ አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይ፣ ሜክሲኮ ከተማ ላይ ደግሞ የኢትዮጵያ አደባባይ እያለ፣ ውሻዋን ጃፓን መላክ ምን ይሉታል?

እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው ጎመናቸውን አነሱ። «የአንተ ቡቺስ ዘሩ ምንድን ነው?»

መልስ አጣሁ። በማግስቱ ቡቺን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ላስከትብ ወሰድኩት። ካርዱ ላይ «ዝርያ» የሚል ክፍት ቦታ አለ፤ «ውቤ በረሃ» ብዬ ሞላሁት። ሐኪሙ ካርዱን አገላብጦ አየና ቡቺን በአክብሮት ተመለከተው።

«ከውጭ ነው?»

«አዎ» አልኩት፤ «ውጭ ነው የሚያድረው።»