ወፏን ማን ጠየቀህ?

በየቤታችን የልጆች የሥዕል መጽሐፍ የሚቀመጥበት ቦታ የታወቀ ነው፤ ቡፌ ላይ፣ ለክብር እንግዳ ካልሆነ ከማይወርዱት ብርጭቆዎች ጎን። «ለልጁ ለምን አትሰጡትም?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ይቀደዋላ!» ነው። ይህን የሚለው አባት ግን ስንት ሺህ ብር የወጣበትን ስልክ ለዚያው ልጅ፣ እያየ እራቱን እንዲበላ ብሎ አስይዞታል። ስልኩ ሽሮ በሽሮ ሆኗል። መጽሐፉ ግን እግዜር ይመስገን ደህና ነው፤ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከነላስቲኩ ይረከበዋል።

መጽሐፉ የሚወርደው እንግዳ ሲመጣ ነው። በቀደም አንዷ ጎረቤቴ ቡና ጠርታኝ ሄጄ፣ ገና ፈንዲሻው ሳይቀርብ «ማሙሽ፣ ናማ ለእትዬ አሳያት!» ተባለ። መጽሐፉ ወረደ፤ ልጁ ጉልበት ላይ ተቀመጠ፤ የአባት ሌባ ጣት ላሟ ሆድ ላይ አረፈ። «ይሄ ምንድን ነው?» ዝም። «ማሙሽዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አሁንም ዝም። እናት ከረከቦቱ ጀርባ ሆና «ትናንት እኮ ብሏት ነበር፤ ማርያምን!» ብላ መማል ጀመረች። እኔም አላስችል ብሎኝ «ላ… ላ…» እያልኩ በከንፈሬ ማስኮረጅ ያዝኩ። ልጁ ላሟን አየ፣ አየና ዓይኑን ወደ ላይ ሰደደ። ቀንዷ ላይ ማናችንም ልብ ያላልናት፣ ጤፍ የምታክል ወፍ አርፋለች። «ወፍ!» አለ፤ ደስታውን ሊያካፍለን ቀና ብሎ። አባት ሆዬ፣ «ወፏን ማን ጠየቀህ?»

ልጁ ፈተናውን ወደቀ። እኛም «አይዞሽ፣ እንግዳ ፈርቶ ነው» እያልን እናቱን አጽናንተን ቡናችንን ጠጣን።

በ1988 እ.ኤ.አ. ኋይትኸርስት የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ለወላጆች የሰጠው ምክር በኛ ቋንቋ ሲጨመቅ «ላሟን ተዋትና ወፏን ተከተል» ማለት ነው። ልጁ ያለውን ተቀበሉት፣ አስፉለት፣ «ወፏ እዚያ ላይ ምን ትሠራለች?» በሉትና እሱ ያውራ፤ እናንተ አዳምጡ። በዚህ መንገድ አንድ ወር ያህል የተነበበላቸው ሕፃናት በንግግር እኩዮቻቸውን ቀድመው ተገኙ። ይህን ላሟን ይዞ ለቀረው አባት ብነግረው ትንሽ አሰበና፣ «እሱ ለፈረንጅ ልጅ ነው፤ የኛ ይባልጋል» አለኝ።

ሌላው ጉዳችን «ኤ ፎር አፕል» ነው። አስፋልት ዳር ተዘርግተው ከሚሸጡት መጻሕፍት ስንቱ ፔንግዊንና የበረዶ ጎጆ ብቻ ነው! ጉለሌ ተወልዳ ያደገች አንዲት ሚጡ ፔንግዊንን ከሩቅ ትለየዋለች፤ ለፋሲካ የተገዛው በግ ግቢ ሲገባ ግን «ውሻ! ውሻ!» እያለች ሮጠች። እናትየዋም ብትሆን እስከ ደብሊው ድረስ ማን ይችላታል? «ኤክስ ፎር…» ላይ ስትደርስ ግን ሳል ይይዛታል። የአገር ቤት መጽሐፍ የለም እንዳይባል፣ አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ የቂሉን ማሞ ተረት በሥዕል አሳምረው በአማርኛና በእንግሊዝኛ በ2002 እ.ኤ.አ. አሳትመውልናል። ሐዋሳ ላይማ አህያ የሚጎትተው የልጆች ቤተ መጻሕፍት አቋቁመው ነበር። አህያ ከሰፈር ሰፈር ያዳረሰችውን መጽሐፍ እኛ ከቡፌ እስከ ምንጣፍ ማድረስ አቃተን።

ድምፅ ማውጣት ላይ ደግሞ አባቶች ይብሳሉ። ከኛ በላይ ፎቅ የሚኖር አንድ የሂሳብ ሹም ለልጁ በግን ሲያስረዳ «ይህ እንስሳ ሣር በል ነው» ይላል። ልጅቷ «እንዴት ነው የሚጮኸው?» ስትለው ግራ ቀኙን ቃኝቶ፣ በሩ መዘጋቱን አረጋግጦ፣ በሹክሹክታ «ባእ» ይላል፤ አንዴ ብቻ። ኮሜንየስ የሚባሉ የሞራቪያ ሰው በ1658 እ.ኤ.አ. ኑረምበርግ ላይ አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ አሳተሙ፤ ለልጆች ተብለው ከተዘጋጁት ሁሉ ቀዳሚ የሚባል ነው። ፊደል የሚያስቆጥሩት ታዲያ በቁራ ጩኸትና በበግ «ባእ» ጀምረው ነው። ሰውየው ደግሞ ጳጳስ ነበሩ! ጳጳስ ያላፈሩበትን የኛ ሂሳብ ሹም ያፍርበታል።

አያቶች፣ እውነቱን ለመናገር፣ አያፍሩም። ያገሳሉ፣ ያናፋሉ፣ ይጮኻሉ። ችግሩ የሚያውቁት ታሪክ አንድ ብቻ መሆኑ ነው። አንበሳውም፣ አዞውም፣ ምስኪኗ ጥንቸል እንኳ ሳትቀር ወደ መጽሐፉ የመጡት እራቱን ያልጨረሰ ልጅ ሊበሉ ነው።

የሌሊቱን ነገር ግን ሁላችንም ስለምናውቀው አንተማማ። ልጁ «አንዴ ብቻ ድገሚልኝ» ሲል ዓይናችን እየተከደነ ሁለት ገጽ አንድ ላይ እንገልጣለን። እኔ የእህቴን ልጅ ሳስተኛ እጄ ከመልመዱ የተነሣ ጅቡ ገና ከዋሻው ሳይወጣ ተረቱ ያልቃል። «አክስቴ፣ ጦጣዋስ?» ትለኛለች። «ጦጣዋ ተኝታለች» እላለሁ። «አልተኛችም፤ ዛፍ ላይ ናት» ትልና በትንንሽ ጣቶቿ የተጣበቁትን ገጾች ፈልቅቃ ታወጣታለች። ማንበብ አትችልም፤ ሌባ መያዝ ግን ማን ብሏት።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ለመዝለል ያሰባችሁ ወላጆችና አክስቶች፣ ጦጣ የሌለበትን ገጽ መርጣችሁ ዝለሉ።