ቴሌቪዥኑ ተነቀለ፣ ልጁ ተሰካ

ሐምሌ ገብቶ ሰማዩ ማጉረምረም ሲጀምር በእኛ ኮንዶሚኒየም የሚደረገውን ጥንቃቄ ያየ ሰው በሥልጣኔያችን ይኮራል። ነጎድጓዱ ገና በእንጦጦ በኩል ሲንደረደር፣ ከእኔ በታች ያሉት እትዬ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው "ቲቪውን ንቀሉ!" ይላሉ። ቴሌቪዥኑ ይነቀላል። ሪሲቨሩ ይነቀላል፣ የዲሹ ገመድ ከጀርባው ይፈታል። ፍሪጁ ይነቀላል። ምጣዱ ከተጋገረበት ሦስት ቀን ቢሆነውም ለማንኛውም ይነቀላል። ይህ ሁሉ ተጠናቆ ቤቱ እፎይ ሲል፣ የበኩር ልጃቸው ስልኩን ይዞ በረንዳ ይወጣል። ሆዱን የበረንዳው ብረት ላይ ያስደግፍና እጁን እስከ ትከሻው ወደ ዝናቡ ይሰዳል። "ግባ" የሚለው የለም። ቴሌቪዥኑ የተገዛው እኮ በዕቁብ ብር ነው!

እኔ ይህን ልማድ ከሚነቅፉት ወገን አይደለሁም። ዝናብ በመጣ ቁጥር መስኮቴን ዘግቼ፣ መጋረጃውን ገለጥ አድርጌ ፊት ለፊት ያለውን ብሎክ እመለከታለሁ። መብራት እንደ ወጉ ከመጀመሪያው ጠብታ ጋር ሄዷል። በዚያ ጨለማ ከታች እስከ ላይ፣ በየበረንዳው አንድ አንድ ስልክ በርቶ ሲታይ የትንሣኤ ሌሊት ጧፍ ይመስላል። ጧፍ የያዘው ሰው ግን ጸሎት ያደርሳል። የእነዚህ ጸሎት አንዲት ቃል ናት፤ "አመለጠኝ!"

ማምለጡ አይቀርም። የመብረቅ ደማቁ ምት ከሰከንድ አንድ ሺኛ ባነሰ ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ብዙ ጊዜ በዚያው መንገድ ሦስትም አራትም ጊዜ ይመላለሳል፤ ብልጭታው የሚርገበገብ የሚመስለንም ለዚህ ነው። ዓይን አይቶ፣ አእምሮ አዝዞ፣ አውራ ጣት እስኪታዘዝ ድረስ ደግሞ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይሄዳል። መብረቁ ሥራውን ጨርሶ ከሄደ በኋላ መድረስ ማለት ነው፤ ልክ እንደ እኛ ሰፈር የቧንቧ ሠራተኛ። የእትዬ ልጅ ግን በዚህ አይበገርም። ባለፈው ክረምት በደረጃ አግኝቶኝ 47 ፎቶ አሳይቶኛል። ሁሉም ጥቁር ነው። "ይሄኛው ጋሼ፣ ልክ ከመብረቁ በኋላ ነው" ይለኛል። "ይሄኛው ደግሞ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው።" የጨለማውን ጥራት አድንቄ አለፍኩ።

አንዳንዴ ጨለማው ያስቸግረውና ፍላሽ ያበራል። እስቲ አስቡት። መብረቅ የሚያልፍበት አየር ወደ 30,000 ዲግሪ ሴልሺየስ ይግላል፤ ከፀሐይ ገጽ አምስት እጥፍ ይበልጣል። ከተማውን በሙሉ እንደ ቀን ያበራውን ይህን ነገር "ፊትህ አልታየኝም" ብሎ በስልክ መብራት የሚፈልግ ጀግና ያለን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ፍላሹ ያበራው ጥቂት የዝናብ ጠብታና ከላይ ፎቅ ገመድ ላይ የተረሳ አንድ ካልሲ ነው። ፎቶው "የፈጣሪ ሥራ ድንቅ ነው" ተብሎ ቴሌግራም ላይ ተለጠፈ። ካልሲው የእኔ ነው።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ ያላጠፋውን ይከስሳሉ። "ስልክ መብረቅ ይጠራል" ይላሉ፤ "ቀይ ልብስህን አውልቅ" ይላሉ። ስልክ መብረቅ አይጠራም። ቀይ ሹራብም ከደሙ ንጹሕ ነው። የስልኩ ጥፋት ሌላ ነው፤ ተቀምጦ ሻይ የሚጠጣውን ሰው ተነሥቶ እርጥብ ብረት እንዲያቅፍ ያደርገዋል። በረንዳ ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ቤት ውስጥ አለ አይባልም፤ ስሙ በቀበሌ እዚያ ቤት ቢመዘገብም መብረቅ መታወቂያ አያይም።

የሚያሳዝነኝ እነዚህ ወጣቶች ፈር ቀዳጃቸውን አለማወቃቸው ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1753 ጌኦርግ ሪችማን የሚባል ፕሮፌሰር ሴንት ፒተርስበርግ ውስጥ በሳይንስ አካዳሚው ስብሰባ ላይ ተቀምጦ ሳለ ነጎድጓድ ሰማ። ስብሰባውን ጥሎ ወደ ቤቱ ሮጠ። (ስብሰባ የበዛበት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው በዚህ አይፈርድበትም።) ከጣሪያው ላይ ያቆመውን ዘንግ በሽቦ ወደ ክፍሉ አስገብቶ የኤሌክትሪኩን ኃይል ሊለካ ተዘጋጅቶ ነበር። ካሜራ ገና አልተፈጠረምና፣ የሚሆነውን በሥዕል እንዲያስቀርለት የአካዳሚውን ሥዕል ቀራጭ አስከትሎ ነው የሄደው። መሣሪያውን ሊያይ ጠጋ ሲል የእሳት ኳስ ግንባሩን መታው። ጫማው ተቀደደ፣ የክፍሉ በር ከማጠፊያው ተገነጠለ፣ ሪችማን እዚያው ሞተ። ቀራጩ ተዘርሮ ከወደቀበት ተነሥቶ ያየውን ለመናገር በቃ። እንግዲህ ሪችማን የሞተው ሊለካ ነው። የእኛዎቹ የሚለኩት ስንት ሰው "ላይክ" እንዳደረገ ነው፤ ይህም ልኬት ነው፣ አልናቅሁትም።

ከሪችማን ወዲህ ፈሪዎች በዙ። በ1882 ፊላደልፊያ ውስጥ ዊልያም ጄኒንግስ የሚባል ሰው ከቀደምቶቹ የመብረቅ ፎቶዎች አንዱን አነሣ። መብረቅ ሠዓሊዎች እንደሚስሉት እንደ መጋዝ ጥርስ የተሰነጠረ ሳይሆን እንደ ወንዝና እንደ ዛፍ ሥር የሚገነጣጠል መሆኑ በእንዲህ ዓይነት ፎቶ ታየ። የዛሬዎቹ ባለሙያዎችም መብረቁን አያሯሩጡትም። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ ያስቀምጡና፣ መብራት አጥፍተው፣ ዐይኑን ለ15 ወይም ለ30 ሰከንድ ከፍተው ይተዉታል። መብረቁ በራሱ ጊዜ መጥቶ ራሱን ይስላል። ይህን ከተዘጋ መስኮት በስተጀርባ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ቡና እየጠጡ ማድረግ ይቻላል። ግን ምን ወግ አለው? ሳይርሱ የተነሣ የመብረቅ ፎቶ!

ድሮ ልጆች ሳለን ብልጭ ሲል እንቆጥር ነበር። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል፤ ዘጠኝ ከቆጠርን ሦስት ኪሎ ሜትር ርቋል ማለት ነው። መብረቅ ከደመናው ዐሥር ኪሎ ሜትር ርቆም ሊወርድ ስለሚችል፣ ነጎድጓዱ ከተሰማን ቀድሞውኑ ቀርቦናል። አሁን ይህ ቆጠራ ቀርቷል። ልጆቹ ቪዲዮውን ከመልቀቃቸው በፊት የነጎድጓዱን ድምፅ ያጠፉና ሙዚቃ ይጨምሩበታል፤ ሰማዩ ያን ሁሉ የጮኸው በከንቱ ነው።

ባለፈው እሑድ እትዬ ቡና ጠርተውኝ እዚያው ቤት ነበርኩ። ዶፉ ወረደ፣ ሁሉም ነገር ተነቀለ፣ ልጁ ወጣ። ዝናቡ ሶፋውን እንዳያበላሽ እትዬ የበረንዳውን በር ከውስጥ ቀረቀሩት። ሦስተኛው ቡና ላይ ሰማዩ ዝም አለ፣ መብራትም መጣ። ቴሌቪዥኑ በጥንቃቄ ተሰካ። ምስሉ ሲመጣ እትዬ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "ተመስገን!" አሉ፤ ድራማው ስለደረሰባቸውም ድምፁን ከፍ አደረጉት። ልጁ ከውጭ መስታወቱን ያንኳኳል። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ስለተቀመጥኩ አላየሁትም፤ ድምፁንም ከቴሌቪዥኑ ጩኸት የተነሣ የሰማው የለም። ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ የሚዞርለት አጣ። በመጨረሻ ስልኩን አውጥቶ ፍላሹን በመስታወቱ በኩል ወደ ሳሎኑ ቦግ አደረገው።

እትዬ ሲኒውን ለቀቁት።

"መብረቅ ነው! ቲቪውን ንቀሉ!"